ሰባተኛው አባት

ከሱቁ በላይ የተከራየሁት ክፍል ወለሉ ሳንቃ ነበር፤ ሳንቃው ደግሞ ስንጥቅ ነበረው። በስንጥቁ ከታች የማይመጣ ነገር አልነበረም፤ የፍሪጅ ጉርምርምታ፣ የበር ደወል፣ ቺፕስ የሚመርጡ የሰፈር ልጆች ጭቅጭቅ፣ ጧት ጧት የሚጠበስ ፈጢራ ሽታ። ኦክላንድ በኖርኩባቸው በእነዚያ ዓመታት ስልኬ ላይ አላርም ሞልቼ አላውቅም። የሚቀሰቅሱኝ የሱቁ ባለቤት ጋሼ ነበሩ፤ የሱቁን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ እየገፉ አባቶቻቸውን ሲቆጥሩ።

የሚቆጥሩት በአረብኛ ነው። እኔ አረብኛ አልችልም። ቢሆንም «ኢብን» የምትለዋን ቃል፣ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ የምታሰኘዋን፣ ማንም ይለያታል። በሁለት ስሞች መካከል እየገባች ታያይዛቸዋለች። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሐዲድ ላይ እንደሚያልፈው የጭነት ባቡር አንዱ ስም ሌላውን ይጎትታል፤ መጨረሻ ላይ ቀሕጣን ይመጣል። ቀሕጣን የደቡብ አረቦች ሁሉ አባት ነው ይላሉ። ጋሼ እሱ ጋ ሲደርሱ መዝጊያው ከላይ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል፤ ሱቁ ተከፈተ ማለት ነው።

ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም። የእኔ አይደሉም። አሁን ግን ሳስበው፣ የገዛ ዘመዶቼን ስም ከማወቄ በፊት በቃሌ የያዝኩት የእርሳቸውን አባቶች ነው።

ጋሼ መርካቶ ነው የተወለዱት። አባታቸው ከየመን መጥቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ ያኔ በየሰፈሩ «አረብ ቤት» ይባሉ ከነበሩት ሱቆች የአንዱ ባለቤት። እናታቸው ክርስቲያን፣ የደጋ ገበሬ ልጅ። እርሳቸው ሲናገሩ የሰማ ሰው፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንኳ እንደዚያ ያለ አማርኛ እንደሌላቸው ይመሰክራል። የኦክላንድ የመኖች «ሐበሻው» ይሏቸዋል፤ ሐበሾች «አረቡ» ይሏቸዋል። እርሳቸው ለሁለቱም «አቤት» ይላሉ።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን የክፍሉን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። እናቴን ሳን ሆዜ ትቼ አንድ ሻንጣና አንድ የቆሻሻ ላስቲክ ሙሉ ወረቀት ይዤ ነበር የመጣሁት።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው።

«ከዚያስ?»

አያቴን ጨመርኩ። አሜሪካ ስንገባ የአያቴ ስም ላስት ኔም ሆኖ ስለተጻፈ እሱን ልርሳው ብልም አልችልም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

«ሦስት!» አሉ፤ ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ሊከቱት ምንም አልቀራቸውም። «ወንበር እንኳ አራት እግር አለው። አንተ በሦስት እንዴት ነው የምትቆመው?»

«ጉልቻም ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«መጋዘን ነው የምሠራው፤ እዚሁ ቅርብ፣ ኒውአርክ። ግጥም እጽፋለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«እሱስ ያስታውቃል» ብለው ሳቁና ቁልፉን ሰጡኝ። «ግባ። ጎሳዬ ገጣሚ ያስፈልገዋል።»

«ጎሳዎ ስንት ሰው ነው?»

«እኔና የልጄ ልጅ።»

አንድ ሥራ ላይ ከአንድ ክረምት በላይ የማልቆይ ሰው ነበርኩ። ከመጋዘኑ በፊት ፓርኪንግ ነበርኩ፤ ከፓርኪንጉ በፊት ምግብ አደርስ ነበር። ከዚያ ሱቅ በላይ ግን ቆየሁ። ምክንያቱ ካውንተሩ አጠገብ የነበረው የፕላስቲክ የወተት ሣጥን ነው። ከሥራ ስመለስ እሱን ገልብጬ እቀመጥበታለሁ። ጋሼ ከጧት የተረፈ ፈጢራ በወረቀት ይሰጡኛል፤ ከፈጢራው ጋር ወሬያቸውን። ወሬያቸው ስለ ጥንቶቹ አረቦች ነበር። ከማን እንደሰሙት ስጠይቃቸው አንዱን ከየመን ወደብ ከሆዴይዳ ሽማግሌዎች፣ ሌላውን ከሬዲዮ፣ ሌላውን ከመስጊድ ይሉኛል፤ የትኛው ከየት እንደሆነ ግን እርሳቸውም አይለዩትም።

«በረሃ ላይ ሁለት መንገደኛ ሲገናኝ» ይላሉ፤ «ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው 'ከየትኛው ጎሳ ነህ' ነው። ውኃ ይሰጥህ፣ ጦር ይወርወርብህ፣ የሚታወቀው ከመልሱ በኋላ ነው። ጎሳ ማለት ቤት ነው፤ ፖሊስ ነው፤ ኢንሹራንስ ነው። ጎሳ የሌለው ሰው ቢሞት ደሙን የሚጠይቅለት የለም። ስም የሚቆጥሩት ለጉራ ብቻ እንዳይመስልህ።»

«ጉራ የለበትም ነው የሚሉኝ?»

«ጉራማ አለበት! ደቡቡ በቀሕጣን ይነፋል፣ ሰሜኑ በአድናን ይነፋል። ያለ ጉራ ገጣሚ ምን ይበላ ነበር?»

ከአንድ ጎሳ ገጣሚ ሲወጣ ጎረቤት ጎሳዎች እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ ይመጡ ነበር፣ አሉኝ አንድ ቀን። የወገኑን ክብር የሚጠብቅ ምላስ ተወለደ ማለት ነውና። ይህን የሰማሁ ዕለት ሣጥኑ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኔ ግጥም እጽፋለሁ ያልኩ ቀን እናቴ ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ነው፤ «ግጥሙ ሄልዝ ኢንሹራንስ ይሰጥሃል?»

ከወሬያቸው ሁሉ የምወደው ግን ስለ እንግዳው ነበር። ከጎሳው ሸሽቶ ወይም ተባሮ የመጣ ሰው ሌላ ጎሳ ዘንድ ገብቶ መሐላ ይገባል፤ ወዳጅህ ወዳጄ፣ ጠላትህ ጠላቴ ይላል። ልጆቹ ከልጆቻቸው ጋር ያድጋሉ፤ ይጋባሉ፤ አብረው ይዘምታሉ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ መሐላውን የሚያስታውስ ይጠፋል፤ የዚያ እንግዳ የልጅ ልጆች የጎሳው ልጆች ሆነው ይቆጠራሉ። «አንድ ትልቅ ጎሳ ነበር» አሉኝ፤ «ሰሜኖቹም የኛ ነው ይላሉ፣ ደቡቦቹም የኛ ነው ይላሉ። ጦርነት ሲመጣ ወዳጅ ይለወጣል፤ ወዳጅ ሲለወጥ አያት ይለወጣል።»

ሌላም ነበር። እናቶቻቸው ሐበሻ የሆኑ ገጣሚዎች በዚያ ዘመን እንደነበሩ፣ ሰው «ቁራዎች» እያለ ይጠራቸው እንደነበር። «አባትየው ልጄ አይለውም። ጠላት ሲመጣ፣ ጎራዴ የሚይዝ ሲጠፋ፣ ያኔ ልጄ ይለዋል።» ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ሲጋራው መደርደሪያ ያዞራሉ፤ የተስተካከለውን ፓኮ መልሰው ያስተካክላሉ።

ለእናቴ በስልክ ስነግራት አልወደደችውም። «እኛ አገር ያፈረሰው ዘር ቆጠራ ነው፤ አንተ ደግሞ ኦክላንድ ሄደህ የአረብ ዘር ትቆጥራለህ?» አለችኝ። ልክ ነበረች። በሱዳን አድርጋ እስከዚህ የመጣችው፣ ሰው በዘሩ ሲለቀም አይታ ነው። ስለ ዘመዶቿ ስጠይቃት «ሰው ነበሩ» ትለኛለች፤ አለቀ።

የጋሼን ቆጠራ ጧት ጧት እየሰማሁ አንድ ነገር ጆሮዬን ይኮረኩረኝ ጀመር። ግጥም በራሱ የተማረ ሰው የሚመካው በጆሮው ብቻ ነው። ስሞቹ ሁሉ እኩል ይረግጣሉ፤ ኢብን፣ ስም፣ ኢብን፣ ስም። ሰባተኛው ላይ ግን ባቡሩ ይደናቀፋል። ስሙ ረጅም ነው፤ አረብኛ ጉሮሮ የማያውቀው ድምፅ አለበት። ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር እንደገና ይስተካከላል። አንድ ቀን አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ ስሙን ብቻውን ለራሴ ደገምኩት፤ ተነስቼ ተቀመጥኩ። የአረብ ስም አልነበረም። የደጋ ገበሬ ስም ነው፤ አውድማ ላይ በሬ የሚነዳ፣ የኔም ቅድመ አያት ሊሆን የሚችል ሰው ስም።

ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላስር ወርጄ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው አባትዎ የመን አይደለም።»

የወተት ጋሎን ይደረድሩ ነበር። አልዞሩም። «ዛሬ ገባህ?» አሉኝ። «ገጣሚ ነኝ ትላለህ እንጂ ጆሮህስ ቀርፋፋ ነው።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጋሼ ልጅ ሳሉ አባታቸው ለዘመድ ቀብር ብለው ወደ የመን ሄዱ። መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ቀጥሎ ታመሙ ተባለ፤ ቀጥሎ ሌላ ሚስት አገቡ ተባለ። ከመሄዳቸው በፊት ባልየው ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው አባቶቻቸውን ሲቆጥሩ ሚስት ለዓመታት ትሰማ ነበር። አንድ ቃል አረብኛ ሳታውቅ በቃሏ ይዛው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ምስር እየለቀመች ልጇን ማስጠናት ጀመረች፤ «አባትህ ሲመጣ ማን እንደሆንክ እንዳትረሳ» እያለች። ሰባተኛው ላይ ያስገባችው ስም የገዛ አባቷ ስም ነበር።

«ረስታ ነው?» አልኳቸው።

«ቆይ።»

ጋሼ ጎረምሳ ሲሆኑ አባታቸውን ፍለጋ ሆዴይዳ ወረዱ። ዘመዶች ተሰብስበው «በል ቁጠር» አሏቸው። ቆጠሩ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሙወለድ» አሏቸው፤ ከውጭ እናት የተወለደ ማለት ነው። ትክክለኛውን ስም አጎታቸው ነገሯቸው። አባታቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

«ተመልሼ አዲስ አበባ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ» አሉኝ ጋሼ። «'አባትህን አገኘኸው?' አለችኝ። አገኘሁት አልኳት። 'ስሞቹን ቆጠርክላቸው?' አለችኝ። ቆጠርኩ አልኳት። 'ሁሉንም?' አለችኝ። ዓይኔን እያየች ነው። ሁሉንም አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም።»

ጋሎኑን አስቀመጡና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «በሷ አገር ሰባት ቤት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም ነው። ለጋብቻ ነዋ፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ። ወንድ ወንዱን ብቻ መቁጠር የግማሽ ሰው ቆጠራ ነው ለሷ። ስለዚህ ሰባት ቤት ስቆጥር እሷንም እንዳገኛት አባቷን ሰባተኛው በር ላይ አስቀመጠችው። እንደዚህ ነው የምገምተው። ሞታለች፤ ማን ይነግረኛል?»

ያን ጊዜ ይህ ለኔ ውብ ወሬ ብቻ ነበር። ነገር የሆነው የልጅ ልጃቸው ልታገባ ስትል ነው።

አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት ጋሼ ናቸው። በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው። ልጁን ያገኘችው እዚያው ሥራ ቦታ ነው፤ ሳን ሆዜ ያደገ የየመን ልጅ። ልጁ ችግር አልነበረበትም። ችግሩ የልጁ አያት ናቸው። እድሜያቸውን በወይን እርሻ ላይ ጨርሰው ሳን ሆዜ ልጆቻቸው ዘንድ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የየመንን ተራራ ጎሳ ሁሉ ከነግንዱ ያውቃሉ ይባላል። የሌላውን የልጅ ልጃቸውን ጋብቻ የሙሽራዋ ዘር አልጠራም ብለው አስቀርተዋል። አሁን ጋሼን ጠርተዋቸዋል፤ ይምጡና ራሳቸው ይቁጠሩ ብለው።

ልጅቷ አንድ ቅዳሜ ክፍሌ ድረስ መጣች። የሆስፒታል ልብሷን አልቀየረችም፤ ወንበር ስለሌለኝ መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሊስን» አለችኝ፤ «ግራንድፓ አንተን ይሰማል። ፕሊስ ኮንቪንስ አድርግልኝ። ትክክለኛውን ስም ያውቀዋል እኮ! ጀስት ዋን ኔም። አንድ ቀን ብቻ ይበለው፤ ከዚያ ሱቁ ውስጥ የፈለገውን ይቁጠር።»

«የእናታቸው ነገር ነው እኮ።»

«አይ ኖው! ሰው ሁሉ ይሄን ይለኛል።» ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። «ያላየኋትን ግሬት-ግራንድማዘር ለማስደሰት ያየሁትን ልጅ ልጣ? ቴል ሚ። ፌር ነው?»

እውነት ስለነበራት ወርጄ ሞከርኩ። ጋሼ ሰሙኝ፤ አላቋረጡኝም። ስጨርስ «ልጅቷ ላከችህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ መልእክተኛ ነህ። ገጣሚነቱ ይቅርብህና ሽማግሌ ሁን።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔም የማስበው እሱን ነው፤ አይምሰልህ። አጎቴ የሰጠኝን ስም እላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ልጄ ትዳር ትይዛለች። ምን አለበት? እናቴ ሞታለች፤ እሷ ግን ትኖራለች። ሌሊቱን ሙሉ እንደዚያ እላለሁ። ጧት መዝጊያውን ስገፋው ግን ከአፌ የሚወጣው የእናቴ ነው።»

ሳን ሆዜ የነዳኋቸው እኔ ነኝ፤ 880 አውራ ጎዳና ላይ መንዳት ዓይናቸው አልፈቅድ ካለ ቆይቷል። ነጭ ጀለቢያ ላይ ግራጫ ኮት ደርበዋል። ሽቶ ተቀብተዋል። መንገዱን በሙሉ እየቆጠሩ ሄዱ፤ አንዴ የአጎታቸውን ስም እያስገቡ፣ አንዴ የእናታቸውን። የኒውአርክን መጋዘኖች ስናልፍ በአጎታቸው ነበሩ። ሚልፒታስ ስንደርስ በእናታቸው። ሳን ሆዜ መውጫ ላይ ዝም አሉ።

«የቱን ሊሉ ነው፣ ጋሼ?»

«ዓይንህን መንገድ ላይ አድርግ።»

የልጁ አያት ሳሎን ሰፊ ነበር፤ ትራስ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ኳስ ያሳያል። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ የእጃቸው ቆዳ እንደ ወይን ግንድ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ። አጎቶች፣ የአጎት ልጆች፣ ልጁ ራሱ በር አጠገብ ተንበርክኮ። ሴቶቹ ከልጅቷ ጋር ሌላ ክፍል ነበሩ፤ በሩ ግን በደንብ አልተዘጋም። ሻይ በወተት መጣ። ጋሼ «ይህ የጎሳዬ ገጣሚ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ መሰለኝ፤ ሁሉም ፈገግ አለ።

ከዚያ ሽማግሌው አንድ ነገር አሉ። ጋሼ ጀመሩ።

በዚያ ቤት ውስጥ ከሚነገረው አረብኛ ሁሉ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። የራሳቸውን ስም፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፤ ድምፃቸው ከሱቁ ይልቅ ቀጭን ነው። አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛው ላይ ደርሰው ቆሙ። ሻዩን አነሱ፤ ጠጡ፤ ብርጭቆውን በቦታው መለሱ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥል ማለት ነው።

ኢብን፣ አሉ ጋሼ። ከዚያ የደጋውን ገበሬ ስም ጠሩ።

ጠሩት እንጂ አላሾለኩትም። ጧት እንደሚሉት በፍጥነት አልነበረም፤ አማርኛ አድርገው፣ በሙሉ ፊደሉ። ከአጎቶቹ አንዱ ሳቅ አመለጠው። ከሴቶቹ ክፍል አንድ ድምፅ «ኦ ማይ ጋድ» ሲል ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ፤ ሳቁ ቆመ። ጠየቁ፤ ጋሼ መለሱ። ደግመው ጠየቁ፤ መለሱ። ከዚያ ጋሼ የቀሩትን አባቶች እስከ ቀሕጣን ድረስ ቆጥረው ጨረሱ። ሽማግሌውም በተራቸው የራሳቸውን ቆጠሩ፤ ያለ አንድ እንቅፋት፤ ፈረስ በሜዳ ሲጋልብ እንደማለት ነበር። ሲለያዩ ተጨባበጡ። ልጅቷ ልትሸኘን አልወጣችም።

የእናቴ ቤት ከዚያ ሩቅ ስላልነበር ጋሼን ለሶላት ወደዚያ ወሰድኳቸው። እናቴ ተደናግጣ ተቀበለቻቸው፤ ዓርብ ስለነበር ሽሮና ጎመን አቀረበች። የተባባሉትን የነገሩን እየበሉ ነው።

«'ይህ ሰው ከየትኛው ጎሳ ነው?' አለኝ። ከእናቴ ጎሳ አልኩት። 'በእናት አይቆጠርም' አለኝ። እሷ ጋ ይቆጠራል አልኩት። ሌሎቹን አባቶቼን ሁሉ አባቴ ጥሏቸው ሄዷል፤ ሰብስባ ቤቷ ያስቀመጠቻቸው እሷ ናት። አሁን አባቷን አስወጣ ብትለኝ የቀሩትም ተነስተው ይውጡ አልኩት።»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ከዚያ 'ጥንት እንግዳ በመሐላ ይገባ አልነበረም ወይ?' አልኩት። 'ይገባ ነበር' አለ። ይሄም እንደዚያ የገባ ነው አልኩት። 'መሐላውን ማን አየ?' አለኝ። እኔ አልኩት። በር ላይ ቆማ 'ሁሉንም?' ስትለኝ፣ ሁሉንም አልኳት፤ መሐላው ያ ነው።»

«ምን አለ ታዲያ?» አለች እናቴ፤ ሁላችንም ለማወቅ የምንፈልገውን።

«'እናስብበታለን' አለ።» ጋሼ እንጀራቸውን ጠቀለሉ፤ ግን አልጎረሱትም። «ልጄን አበላሸኋት መሰለኝ።»

ከዚያ እናቴ፣ ሰው ነበሩ ብላ የምትዘጋኝ እናቴ፣ ጭልፋውን አስቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። በአባቷ ወጣች፤ በአባቷ እናት ዞረች፤ ወደ ሴትየዋ ወንድ አያት ተሻገረች። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፤ የሷ ቆጠራ እንደ ጋሼ ባቡር አይደለም፤ ጓሮ ለጓሮ የሚሄድ ሰው ይመስላል። ስድስተኛው ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ማን ነበር?» አለች ግንባሯን እያሸች። «ጠፋኝ።»

«ልጅሽ ገጣሚ አይደለም ወይ?» አሉ ጋሼ። «ይሙላው!»

«ሰው አይፈጠርም፣ ጋሼ!» አለች፤ ግን ሳቀች። አሜሪካ ከገባን ጀምሮ ስለ ዘመዶቿ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ልጅቷ የጋሼን ስልክ አታነሳም። ጋሼ ጧት መዝጊያውን የሚገፉት ዝም ብለው ነበር። አላርም መሙላት ጀመርኩ። ጋሼ ለልጅቷ የቀለበት ቀን ጻፍልኝ ብለውኝ ስሞክረው የነበረውን ግጥም ቀደድኩት፤ ቀኑ ራሱ መኖሩን ማን ያውቃል?

አንድ ከሰዓት ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የበሩ ደወል ጮኸ። ልጅቷ ናት። ካውንተሩን ዞራ ገብታ ግንባሯን ጋሼ ትከሻ ላይ ደፋች። «ግራንድፓ፣ ዩ ኣር ሶ ስታበርን» አለች። ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለይ አለኝ። ስልኳን ዘረጋችልኝ። ልጁ ቴክስት ልኳል፤ አያቱ ለቀለበት ቀን አዳራሽ ፈልጉ ብለዋል። ጋሼ አላነበቡትም። የተስተካከለውን የሲጋራ ፓኮ ያስተካክሉ ነበር።

ያን ሱቅ ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሆኗል። ጋሼ ልጅቷና ባሏ ዘንድ ሳን ሆዜ ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል ቀያይሬያለሁ፤ የሁሉም ወለል ደህና ነው፤ ስንጥቅ የለውም፤ ከታች ምንም አይሰማም። አንዳንድ ጧት አላርሙ ከመጮሁ በፊት እነቃና ባቡሩን እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የቀለበቱ ቀን ነው።

አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ የመኖች በአንድ ወገን፣ ሐበሾች በሌላ ወገን፣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከመሀል። ግጥሜን እንዳነብ ተነሳሁ። ከቀደድኩት ሁሉ የተረፈኝ ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

አባት ስሙን ትቶ ባሕርን ቢሻገር፣
እናት አቆየችው ከራሷ አባት ጋር።

ብዬ ተቀመጥኩ። ሐበሾቹ አጨበጨቡ፤ የመኖቹ ሐበሾቹን አይተው አጨበጨቡ። ከኔ በኋላ የልጁ አያት ተነሱ። የሙሽራዋን ወገን ለእንግዶቻቸው ለማስተዋወቅ ነው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው መቁጠር ጀመሩ፤ ስሟን፣ የአባቷን፣ የጋሼን። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሰሙት፤ እንዴት እንደያዙት አላውቅም። በጣቴ እቆጥር ነበር፤ ከጋሼ ተነስቼ፤ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ሽማግሌው አልቆሙም። ኢብን አሉና የደጋውን ገበሬ በየመን ጉሮሮ ጠሩት። የመጀመሪያውን ፊደል ዋጡት፤ መሀሉን አጠበቁት፤ መጨረሻው ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ጨመሩበት። እኔ ግን ሰማሁ፤ አልተደናቀፈም። በእርሳቸው አፍ ከሌሎቹ ጋር እኩል ረገጠ፤ ባቡሩ እስከ ቀሕጣን ሳይቆም አለፈ።

«አበላሹት እኮ» አልኳቸው ለጋሼ በጆሯቸው።

ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ።

«ግድ የለም» አሉኝ። «ይለምዱታል።»